አምስተኛው ቤት

ስቶክሆልም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሓወቦይ ገብረአምላክ ንጉሠ፣ ቁሓ፣ መቐለ

እግዚአብሔር በጤና ያቆይልን። ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ ደኅና ነኝ፤ እንደሚያውቁት ሥራዬ የሆስፒታል አስተዳደር ነውና ፋታ የለውም። ስልክ ብደውል «የምትይውን ጻፊው፤ በስልክ የተባለ ነገር ተመልሶ አይነበብም» ብለው ስለዘጉብኝ ይኸው ጻፍኩ። ከአባቴ ወገን የቀሩኝ ታላቅ አጎቴ እርስዎ ብቻ ነዎት።

ልጄ ሳሊና ልታገባ ነው። ልብስ ለሚገዛ ኩባንያ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ወደ መቐለ ከመጣች አንድ ዓመት ሆናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ዓወት ከሚባል የማሽን መሐንዲስ ጋር ተዋወቀች። አያቱ ኣቦይ ተወልደብርሃን ይባላሉ፤ ሓወልቲ አካባቢ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አላቸው። ትልቅ ቤተሰብ ነው አሉ። ሠርጉ ሚያዝያ 26 እዚያው ሓወልቲ ባለው አዲሱ ሆቴል ይሆናል።

ታዲያ የልጁ ቤተሰብ የሰባት ቤት ቆጠራ ይፈልጋል። ልጆቹ እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ ሆነው ከተገኙ ተክሊል የለም። የሳሊና አባት ወገን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተቆጥሮ ዝምድና አልተገኘበትም፤ የቀረው የእኛ ነው። እኔ ከአያቴ ወዲያ ስም አላውቅም፤ አባቴ አዲስ አበባ ሲያሳድገን አላስቆጠረንም። ስሞቹን ይላኩልኝ። ስም ብቻ። ምን ይሠሩ ነበር የሚለው አያስፈልግም፤ በተለይ የአንዱን፤ ስሙን ባላውቅም የሚወራበትን ሰምቻለሁ። የትኛውን እንደምል እርስዎ ያውቁታል።

ደግሞ በሠርጉ ላይ «ጡረታ የወጡ መሐንዲስ» ብለን ብናስተዋውቅዎ ውሸት አይባልም፤ ዕድሜ ልክዎን ብረት ሲለኩ አይደል የኖሩት? ጥቁር ሱፍ ገዝቻለሁ። ጎረቤቴ ሀፊሳ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ታደርስልዎታለች። ከመጋቢት ጀምሮ ብየዳውን ቢተዉት እጅዎም እስከ ሠርጉ ይጠራ ነበር።

ልጅዎ ሠርክአዲስ ኃይለ


ቁሓ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሠርክአዲስ ኃይለ

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴንም ለምጄዋለሁ።

ጓለይ፣ ልጄ፣ በልጅሽ ደስ ብሎኛል። ሳሊናን አውቃታለሁ። ላንቺ አልነገረችሽ ይሆናል እንጂ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወርክሾፔ ትመጣለች። አንድ ቀን የብየዳ መነጽር አድርጌላት «ሞክሪው» አልኋት። የበየደችው ጠማማ ነው፤ ግን ይዟል።

ደብዳቤሽ የተጻፈበት ወረቀት በጀርባው ሰንጠረዥ ታትሞበታል። ሰዓትና የሰው ስም ይመስላል። የማላውቀው ቋንቋ ስለሆነ አላነበብሁትም።

የጠየቅሽው ይኸውልሽ። ከሳሊና ሲቆጠር አንደኛ ቤት አንቺ ነሽ፣ ሠርክአዲስ። ሁለተኛ አባትሽ ኃይለ። ሦስተኛ አባቴ ንጉሠ። አራተኛ ወልዱ። አምስተኛ ቀጥቃጭ ተድላ። ስድስተኛ ገብረኪዳን። ሰባተኛ ሐጎስ።

ስም ብቻ ብለሻል። ተድላን ያለ ቀጥቃጭነቱ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አራሽ ነበር። በክፉ ቀን ዘመን በሬዎቹ አልቀውበት ማረሻውን ይዞ ወናፍ ሥር ተቀመጠ። አገሩ ሁሉ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ የበቅሎውን ልጓም ከእርሱ እጅ ወሰደ። ከወሰደ በኋላ «ጠይብ» ብሎ ሰደበው፤ ዓይኑ ሰው ይበላል አለ፤ ከእርሱ ጋር እንጀራ መቁረስ ተወ።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብሁትም። በ1961 ዓ.ም. ኣርሴማ የምትባል እጮኛ ነበረችኝ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ቁጠር» አሉኝ። ከእኔ ሲቆጠር ተድላ ሦስተኛ ነው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የልጅቱ አባት ጋቢውን አራግፎ ተነሣ። ሌሎቹም ከምንጣፉ ላይ አንድ በአንድ ተነሡ። አባትሽ ያን ጊዜ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ በር ላይ ቆሞ አየ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ገባ። ለምን እንዳላስቆጠራችሁ አሁን ዐውቀሻል።

መሐንዲስ አይደለሁም። ማንበብ የተማርሁት ምስማር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። መለካት የተማርሁት ብረት አበላሽቼ ነው። ያልሽውን ሆቴል አውቀዋለሁ፤ የፊት ለፊቱን ትልቅ የብረት በር የሠራሁት እኔ ነኝ። አሁን የግራው ክንፍ ማጠፊያ ይጮኻል አሉ፤ ሄጄ አየዋለሁ።

ብየዳውን አልተውም።

አጎትሽ ገብረአምላክ


ስቶክሆልም፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሓወቦይ፣

የልደቱ በረከት ይድረስዎ፤ ለጥምቀቱም በሰላም ያድርስዎ። ሁለት ወር ዝም ያልኩት በሥራ ብዛት ነው።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ኣርሴማ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ግን ይኸው በራስዎ አፍ መሰከሩ እኮ! እውነቱን ተናግረው ምን አተረፉ? ልጄም በዚያው መንገድ ትሂድ?

ስለዚህ አምስተኛውን በራሴ ኃላፊነት አስተካክዬዋለሁ። በተድላ ቦታ ደጃዝማች ዘርአጽዮንን አስገብቻለሁ። የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ ከሰባት ሚስት ሃያ ሁለት ልጅ ወልደዋል ይባላል። ሃያ ሦስተኛ ቢጨመር ማን ቆሞ ይቆጥራል? እዚህ አንዲት የአገራችን ሴት በወፍራም ወረቀት አሳምራ ሠርታልኛለች፤ አንበሳም አለበት። በፍሬም አድርጌ ለልጁ ቤተሰብ ልኬዋለሁ። የጥሪ ካርዱም «የደጃዝማች ዘርአጽዮን ቤተሰብ» ተብሎ በወርቅማ ቀለም ታትሟል። ሳሊና ስታየው ሳቀች፤ ከዚያ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ከእርስዎ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። እንዳይናገሩ ብቻ። በቆጠራው ቀን ጉልበቴን አመመኝ ብለው ቤት ቢውሉ ደግሞ የተሻለ ነው። ሱፉ ልክዎ ሆነ?

ልጅዎ ሠርክአዲስ


ቁሓ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ጉልበቴን አመመኝ አልልም።

ሳልጠራ አልሄድም፤ ሳልጠየቅ አልናገርም። ከተጠየቅሁ ግን የጻፍሁልሽን ሰባት ስም እቆጥራለሁ፤ አንድ ፊደል አልቀንስም። ሱፉን ለሳሊና ሰጥቻታለሁ፤ ለዓወት ይሆነዋል አለች። ለእኔ እጅጌው ያጥራል።

ምን አተረፉ ብለሻል። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ማን ምን ያውቅብኝ ይሆን ሳልል ከቤቴ ወጥቻለሁ፤ ሳልል ገብቻለሁ። ያተረፍሁት ይህን ነው። አንቺ ካርዱን ካሳተምሽ ወዲህ ስንት ሌሊት ደኅና እንቅልፍ ተኛሽ?

ገብረአምላክ


ስቶክሆልም፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሓወቦይ፣

ሰላምታውን ሳላሳምረው ይቅር ይበሉኝ፤ ቸኩያለሁ። ደብዳቤውን በስልክ ፎቶ አንስቼ ለሳሊና ልኬዋለሁ፤ አትማ ታመጣልዎታለች።

ባለፈው እሑድ ቆጠራው ተደረገ። እርስዎን አላስጠራሁም፤ በስልክ ሆኜ እሰማ ነበር። ተክሊሉን የሚያደርሱት ቄስ፣ መሪጌታ ሚልኪያስ፣ የእኛን ከፍሬሙ ላይ እያነበቡ ቆጠሩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ አምስተኛው ላይ አንድ ሰው «ይገባል!» ሲልም ሰማሁ። ከዚያ የእነሱን ቀጠሉ። አንደኛ የዓወት አባት፣ ሁለተኛ ኣቦይ ተወልደብርሃን፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ደጃዝማች ዘርአጽዮን!

እነሱም ሓወቦይ! የእነሱም ደጃዝማች ዘርአጽዮን!

መሪጌታ መጽሐፋቸውን ዘጉ። «ልጆቹ በአምስት ቤት ዘመዳሞች ናቸው። ተክሊል አላደርስም» አሉ። የዓወት እናት ወይዘሮ ኣበራሽ ስልኩን ተቀብለው «የእኛ ትክክለኛው ነው፤ የደጃዝማች ጋሻ ሳሎናችን ተሰቅሏል» አሉኝ። «የእኛም አንበሳ አለበት» አልኳቸው። ምን ልበል? ስንጨቃጨቅ መሪጌታ «ሁለታችሁም እውነተኛ ከሆናችሁ ሠርግ የለም። አንዳችሁ ከዋሻችሁ ደግሞ አሁን ተናገሩ» አሉ። ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም አልተናገርኩም። መሪጌታ ተነሥተው ጫማቸውን አደረጉ።

እስከ መጋቢት 14 ጊዜ ሰጥተውናል። ፍሬም አልቀበልም፤ የቤቱ ሽማግሌ በአፉ ይቁጠር ብለዋል። የእኛ ሽማግሌ እርስዎ ነዎት።

እባክዎ፣ ደጃዝማቹን በሌላ እንለውጠው። ማን ነበር በዚያ አገር? ፊታውራሪም ይበቃኛል። የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው እላለሁ። ልጄ ስልኬን ማንሣት ትታለች።

ሠርክአዲስ


ቁሓ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ላንቺ ይሁን። እግዚአብሔር ልብሽን ያሳርፍልሽ።

ደብዳቤሽን ሳሊና ይዛ መጣች። ዓወትም አብሯት ነበር። ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋልኝ ጥፍሩ ሥር ግሪስ አየሁ። ወደድሁት።

ደብዳቤውን አንብቤ ሳልጨርስ ሳሊና «ኣቦሓጎይ፣ አያቴ፣ በቁሓ ገበያ ፊታውራሪ ይገኝ ይሆን?» አለችኝ። ዓወት ሳቀ፤ እርሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልዘለቀም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የመስኮት ፍርግርግ የምሠራበትን ብረት አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ማባበል አላውቅበትም።

ዓወትን «የእናንተው ደጃዝማችስ እውነት ነው?» አልሁት።

«እኔ ምን አውቄ አባባ» አለ። «ጋሻው ሲገዛ ግን አብሬ ነበርኩ። እማማ ዋጋ ሲከራከሩ ተሸክሜ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም?»

«እናቴ ናቸው» አለ፤ አንገቱንም ደፋ።

ሳሊና ዓይኗን ጠርጋ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ። «እኔ ስቶክሆልም ትምህርት ቤት ሳለሁ እማዬ አንድም ቀን ሥራዋ ቦታ ወስዳኝ አታውቅም። ሁልጊዜ አንድ ነገር ተደብቆብኝ ነው ያደግሁት። ልጅ ስወልድ እንዲህ አላሳድግም።» የተደበቀው ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ፊታውራሪ የለም፤ ባላምባራስም የለም። መጋቢት 14 ሄጄ የማውቀውን እቆጥራለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። አንደኛዋ ቤት አንቺ ነሽ። አንደኛው ቤት በሕይወት እያለ ሌላ ሰው ብቻውን አይቆጥርለትም። መጥተሽ አጠገቤ ትቆሚያለሽ። አንቺ ሳትኖሪ ብቆጥር ነገ «ያ ግትር ሽማግሌ ስማችንን አጠፋው» ትያለሽ፤ ልጅሽም በእኔ ተድላና ባንቺ ደጃዝማች መካከል ስትዋልል ትኖራለች። እኔ ያንን አላግዝም።

ወይዘሮ ኣበራሽ በ1961 ሰዎቹ እንደተነሡብኝ ይነሡ ይሆናል። አይነሡም ብዬ ቃል አልሰጥሽም። ቃል የምሰጥሽ እኔ እንደማልነሣ ነው።

አጎትሽ ገብረአምላክ


ስቶክሆልም፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሓወቦይ፣

የጾሙን ወራት እግዚአብሔር ያስፈጽምዎ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። መምጣት አልቻልኩም። አለቃዬ ፈቃድ የሰጠችኝ ለሚያዝያ ብቻ ነው፤ አሁን ብመጣ ከሠርጉ እቀራለሁ። ሥራዬ አስተዳደር አይደለም ሓወቦይ። የአዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጀርባ ያዩት ሰንጠረዥ የማን ገላ በስንት ሰዓት እንደሚታጠብ የሚያሳይ ነው። ቋንቋውን ባያውቁትም ምን እንደሆነ እንደገባዎ አሁን ዐውቄያለሁ። ዝም አሉልኝ። እርስዎን ዝም ማለት የማይችል ሰው እያሉ ነው ያሳደጉኝ።

ሥራውን እወደዋለሁ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንዲት የዘጠና ሦስት ዓመት ሴት አሉ፤ ከእኔ በቀር ፀጉራቸውን ማንም እንዲነካ አይፈቅዱም። ነገር ግን ከአገር ሰው ጋር ስቀመጥ እጄን ከጠረጴዛ በታች አደርገዋለሁ፤ ሳሙናው ልጦታል። እጅዎ ይጥራ ያልኩዎት እኔ ነኝ።

አጠገብዎ መቆም ስላልቻልኩ ቆጠራውን በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሌላው ወረቀት እርሱ ነው። ሀፊሳ ሐሙስ ደግማ ወደ እናቷ ትበራለች፤ በእጅዎ ትሰጥዎታለች። ሰው ሁሉ ባለበት ያንብቡት። እኔ እደውላለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ካነበቡት በኋላ የሆነውን እንዳለ ይጻፉልኝ፤ አያሳምሩልኝ።

ሠርክአዲስ


ቁሓ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሠርክአዲስ ኃይለ

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለሥራሽ፣ ሰላም ለምታጥቢያቸው ሁሉ ይሁን።

እንዳለ ጻፉልኝ ብለሻልና እንዳለ እጽፋለሁ።

እሑድ የሥራ ካፖርቴን አጥቤ ለብሼ ኣቦይ ተወልደብርሃን ቤት ሄድሁ። ወይዘሮ ኣበራሽ ጫማዬን አዩና ለሠራተኛዋ «ለእሳቸው ወንበር አምጪ፤ እዚያ በሩ አጠገብ» አሉ። ወንበሩን አንሥቼ መሪጌታ ፊት አድርጌ ተቀመጥሁ። ጋሻው ከራሴ በላይ ተሰቅሏል። የበርሜል ቆርቆሮ ነው፤ ጠርዙም በደንብ አልተጠቀለለም።

መሪጌታ «የሙሽራዪቱ ቤት ይቁጠር» አሉ። ወረቀትሽን አወጣሁ። ከማንበቤ በፊት ለሁሉም ፊርማሽን አሳየሁ። ከዚያ እንደጻፍሽው አነበብሁ።

«እኔ ሠርክአዲስ፣ አንደኛ ቤት። ሥራዬ አረጋውያንን ማጠብ ነው። ሁለተኛ ቤት አባቴ ኃይለ፣ የመጋዘን ጸሐፊ። ሦስተኛ ቤት ንጉሠ፣ አራሽ። አራተኛ ቤት ወልዱ፣ አራሽ። አምስተኛ ቤት ተድላ፣ ቀጥቃጭ። ደጃዝማች ብዬ የላክሁት ውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ አልዋሸችም። ስድስተኛ ገብረኪዳን፣ ሰባተኛ ሐጎስ።»

አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አንደኛውን ነው፤ አምስተኛውን አይደለም።

ወይዘሮ ኣበራሽ ተነሡ። ነጠላቸውን እያጣፉ «ጠይብ ቤት ልጄን አልሰጥም! ይህን ለማን አወራዋለሁ?» አሉ። ከጎናቸው ሁለት ሴቶች ተነሡ። ሠርክአዲስ፣ በዚያች ሰዓት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆንሁ። ጋቢ ሲራገፍ ሰማሁ። ግን እንዳልሁሽ አልተነሣሁም። ወረቀትሽን አጥፌ ጉልበቴ ላይ አኖርሁትና ጠበቅሁ። ሳሊና መጥታ ከወንበሬ ኋላ ቆመች። ዓወት እናቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ተነሥቶ ከሳሊና ጎን ቆመ።

«ዓወት!» አሉ እናትየው።

«እማማ፣ ጋሻውን ከየት እንዳመጣነው ልንገር?» አላቸው። ጮክ ብሎ አልተናገረም።

መሪጌታ ጣልቃ ገቡ። «እኔ የመጣሁት ዝምድና ልቆጥር ነው። በእነዚህ በሰባቱ ቤት ዝምድና የለም። ቀጥቃጭነት ተክሊል አይከለክልም» አሉ። ወይዘሮ ኣበራሽ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እስከዚያ ድረስ ያልተናገሩት ኣቦይ ተወልደብርሃን በዘንጋቸው ወለሉን መቱ።

«ኣበራሽ፣ ተቀመጪ።»

«አባባ፣ እርስዎ አይግቡበት...»

«ተቀመጪ አልኩሽ! ጋሻውን የሰቀልሽው አንቺ ነሽ። ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። የእኔ ቅድመ አያት የደጃዝማች ዘርአጽዮን በቅሎ ጠባቂ ነበር። ከበቅሎዋ ጋር በረት ያድር ነበር። ባለፈው መሪጌታ ማን ዋሸ ሲሉ መናገር ነበረብኝ፤ ሰማንያ አምስት ዓመት ይዤ አፈርሁ። አንዲት ሴት ከባሕር ማዶ ጽፋ ስትናገር እኔ እዚህ ተቀምጬ ዝም ልበል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የእናንተ ተድላ ልጓም ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር» አልሁ።

«እንግዲያ ቅድመ አያቴ የያዘው ልጓም የእርሱ ሳይሆን አይቀርም» አሉና ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሳሊና ግን ጥርሴን አየሁት ትላለች።

ወይዘሮ ኣበራሽ አልተቀመጡም። ወደ ጓዳ ገብተው ቆዩ። በኋላ የጾም በያይነቱ አስቀረቡ። ሌሎቹ አብረውኝ በሉ፤ እሳቸው ከእኔ ትሪ አልቆረሱም። አያሳምሩልኝ ስላልሽ ይህንንም ጻፍሁት። ጊዜ ይፈጅባቸው ይሆናል፤ ላይሆንላቸውም ይችላል። ሠርጉ ግን በቀኑ ይሆናል። መሪጌታ የእነሱንም አምስተኛ አስተካክለው ፈርመዋል፤ ኣቦይ ተወልደብርሃንም ፈርመዋል።

ካርዱን ሳሊና እንደገና አሳትማዋለች። ያንቺ ስምና የዓወት ወላጆች ስም ብቻ ነው ያለበት፤ ወርቅማ ቀለሙንም አስቀርታዋለች። ፍሬሙን መልሰውልኛል። መስተዋቱ ጥሩ ስለሆነ ያንቺን ወረቀት አግብቼበት ወርክሾፕ ሰቅዬዋለሁ። አንበሳው ከጀርባ ነው።

ሚያዝያ 26 በሆቴሉ ጓሮ በር እንዳትገቢ። በትልቁ በር ግቢ። ትናንት ሄጄ የግራውን ማጠፊያ ፈትቼ ቅባት አድርጌበታለሁ፤ አይጮኽም። ከባድ ነው ግን፤ በሁለት እጅ ካልሆነ አይከፈትም። እጅሽን አውጥተሽ ግፊው።

አጎትሽ ገብረአምላክ ንጉሠ